የሚሰበረው ቡሎን

ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ጨረታ ላይ ወድቆ፣
ፈላጊ ያጣ ብረት፣ ቀዩ ቀለም ለቅቆ፣
በሲኖ ተጭኖ ገባ ጋራዣችን፤
ማረሻ ነው ብለን ተሟገትን ሁላችን።

አፉ ጉድጓድ ያህላል፣ ከዳር ዳር የሰፋ፣
ውስጡ ጥምዝ ጥርስ፣ ዝገት የነፋ፤
ሸምሱ «ለሸንኮራ፣ ለወንጂ ነው» አለ።
ዱጉማ ጥርሱን ዳሶ፦
«ድንጋይ እየፈጨ ነው እንዲህ የቆሰለ።»

ጎኑ ላይ ሥዕል አለ፣ ፀሐይ ያደበዘዘው፤
ኮፍያው ጆሮው ደርሶ ሰውዬው ሲነዳው
ነጭ ነገር ይተፋል፣ አጥር አሻግሮ።
ኑሪያ ከመለዋወጫ ሱቋ ወጥታ፣
ፊደሉን በጣቷ አንድ በአንድ ፈታ፣
«የበረዶ መጥረጊያ!» ስትል ጋራዡ ፈነዳ በሳቅ፣ በእሮሮ።

በረዶ! አዳማ ላይ! አስፋልት ጫማ ሲይዝ፣
ላሜራው ጣሪያችን እንደ ምጣድ ሲግል፣ ውሻው ጥላ ሲመርዝ!

ያልሳቀ ጋሽ ለሜሳ ብቻ። ቺያቬውን አነሳ።
«ብረት አገር የለው» አለ ጋሽ ለሜሳ፤
«ያጎረስከውን ነው ወርውሮ የሚተፋ።
ገለባም ነጭ ነው።
ግራሶውን አምጣ፣ እጅጌህን ሰብስብ፣ እዚህ ቁም፣ አትጥፋ።»

ሦስት ቀን ታገልነው። በናፍጣ አጥበን፣
የደረቀ ኩሽኔታ በማርቴሎ አባብለን፣
ካርዳኑን አላቀን፣ ሰንሰለቱን ለክተን፤
«ካጠበቅከው ይጮሃል፤ ካላላኸው ይዘላል፤
የአውራ ጣት ያህል ይርገብ» ጋሽ ለሜሳ ይላል።

ከሥር ጫማዎቹን፣ ግራና ቀኙን፣
ሁለት ጣት አነሳን፣ ምላጩ መሬቱን
እንዳይልስ ብለን። አውድማ ጠጠር አለው፤
መሬት የነከሰ ጥርሱን ነው የሚያጣው።

ጥምዙን ከዘንጉ ጋር አንዲት ቡሎን ታስራለች፣
ትንሿ ጣቴን ታህላለች፣ ለስላሳ ብረት ነች።
እኔ ናቅኳት። ልጅ ነኝ፣ ጠንካራ ነው የሚያምረኝ፤
ከሲኖ ጎማ የተረፈ ወፍራም ቡሎን ነበረኝ፣
እሱን መታሁበት። ማንም አላየኝ።

ኅዳር ላይ፣ ከዴራ ወዲህ፣ በኦቦ ሌንጂሳ ማሳ፣
ከመውቂያው ሥር ገለባው እንደ ኮረብታ ተነሣ።
ጎረሰ፣ ተፋ፣ ጎረሰ። ደስ ይል ነበር።
ከዚያ ክምሩ ውስጥ የተደበቀ
የቀንበር ስባሪ ጥርሱን ያዘ፣ አጠበቀ።
ቡሎኔ አልተሰበረም። ኮራሁ፣ ላንድ አፍታ።
ማርሹ ከውስጥ ጮኸ፤ ቤቱ ተሰነጠቀ፤
ዘይቱ ፈሰሰ፣ ጥቁር፣ ገለባው ላይ ተኝታ
የነበረች ዶሮ እየጮኸች ሸሸች።
ሌላ ድምፅ አልነበረም።

ጋሽ ለሜሳ አልተቆጣም። ቁጣ ይሻለኝ ነበር።
ቡሎኑን አወጣው፣ በመዳፉ መዘነው፣ እንደ ብር።
«ደህና ቡሎን ነው» አለኝ፤ «ስፍራውን ግን አያውቅም፤
እዚህ የሚታሰር፣ ቀኑ ሲደርስ ካልተሰበረ አይጠቅምም።»
አሥር ብር የማታወጣ ቡሎን ነበረች የማርሹ አጥር።
ሁለት ወር ከደመወዜ ተቆረጠ፣ የቶርኖ ቤት ብድር።

በጥር ተመለስን። አሁን ኪሴ ውስጥ
ለስላሳ ቡሎኖች ይንሿሿሉ፣ ስሮጥ።
ትራክተሩ አጉረመረመ፣ ካርዳኑ ዞረ፣
ገለባው በአንገቱ ሽቅብ በረረ፤
ግን የአዳማ ነፋስ፣ ያ ማማ የሚያዞረው፣
ከመኪናው ጫፍ ላይ እኛው ላይ መለሰው።

ቆብ፣ ጢም፣ ቅንድብ፣ የሸምሱ አዲስ ሸሚዝ ሳይቀር
ሁሉ ነጭ ሆነ፤ አጥሩም፣ የሌንጂሳ ውሻም፣ ምድር።
ጋሽ ለሜሳ መዳፉን ዘረጋ፣ የወረደውን አየው።
«በረዷቸው እንዲህ ነው?»
ከየት አውቄው!
«አይቀዘቅዝም» አለ። ትንሽ ቆየ። አራገፈው።
«ምን ትስቃለህ? አንገቱን ሁለት ጥርስ ወደ ግራ አዙረው።»