የኡርማስ ጓጉንቸር

መቁረጫውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አልነበረም።
ከዚህ ካልጀመርኩ ወሬው ውሸት ነው፣ ወሬም አይባልም።

ጥር ነው። ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት።
ሐይቁ ደንድኖ ድንጋይ መስሏል፣ ጥዱ ጎብጧል ከበረዶ ክብደት፤
የእኛ የወረቀት ፋብሪካ ብቻ ያልበዋል በዚህ ሁሉ ቅዝቃዜ መሐል፣
እንፋሎቱ በጣሪያው ይወጣል፣ ሳይርቅ አመዳይ ሆኖ ይመለሳል።

ሦስተኛው ማሽን ቆሟል። ለጥገና ስምንት ሰው
ከጠዋት ጀምሮ በየሲሊንደሩ መሐል ተሸጉጦ ነው የዋለው።
በማብሪያው እጀታ ላይ ስምንት ጓጉንቸር፣ ቀያይ፣
የየባለቤታቸው ስም በነጭ ቀለም የተጻፈባቸው ከላይ።
ሕጉ ከአንድ ትንፋሽ አያልፍም፦ የቆለፈ ይከፍታል።
ሌላ ማንም።

ሰባቱ ወጡ፤ ሰባቱ ከፈቱ።
አንዱ እዚያው ቀረ፣ ተንጠልጥሎ ከብረቱ።
"ኡርማስ" ይላል፣ የመጨረሻዋ ፊደል ተልጣ።

መልበሻ ክፍሉን አየን፦ ኮቱ የለም፣ ቦቱ የለም።
መኪናው ቆሞ በዋለበት
በረዶ ያልነካው ጥቁር አስፋልት፣ ሌላ ምንም።
ረስቶት ቤቱ ገብቷል። ይህ ጠንቋይ አያስፈልገውም።

ስልኬ ጮኸ። ከላይ ነው፣ ከቢሮ፦
"በየሰዓቱ ስንት ቶን እንደሚቀር ታውቂያለሽ?" ይላል ተማርሮ።
አውቃለሁ። በጣቶቼ ቆጥሬዋለሁ።
ፈረቃ መሪ ከሆንኩ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፣
አሥር ጣት አለኝ።

ኦይቫ ግን ሰባት።
ሦስቱን ያጣቸው በጎረምሳነቱ ነው፣ ጓጉንቸር ሳይታሰብ በፊት፣
አንድ ሰው "ውስጥ ማንም የለም" ብሎ ማብሪያውን የጫነ ዕለት።
"ክፉ አልነበረም" ይላል ስለዚያ ሰው፣ ሲጠይቁት፣
"ደህና ሰው ነበር። ቸኩሎ ነበር እንጂ።"
መጥቶ በእኔና በማብሪያው መሐል ቆመ።
ጓንቱን አወለቀ፣
ያንን እጁን በቀዩ ብረት ላይ አሳረፈ፣
"ደውዪ" አለኝ።

ደወልኩ። ሚስቱ ሄልቪ ናት ያነሳችው፦
"ሳውና ውስጥ ነው፣ ልጥራው?"
"ይኸው!" አልኩ፤ "ሰውየው በእንፋሎት ታጥኖ ተቀምጧል፣
እኛ እዚህ በድን እንጠብቃለን። ብቆርጠው ምን ይሆናል?"
ኦይቫ ፈገግ እንኳ አላለ።
"ዛሬ ትቆርጪዋለሽ፤ ልክም ትሆኛለሽ።
ልክ ባልሆንሽበት ቀን ግን
እጅሽ ለምዶ ይጠብቅሻል።"

መቁረጫው ከበደኝ። መሬት አስቀመጥኩት።

ሠላሳ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀበት።
ስልኩ አራት ጊዜ ጮኸ፤ አራቴም "እየመጣ ነው" አልኩት።
ገባ ኡርማስ፣
ከመኪናው እስከ በሩ እርጥብ ፀጉሩ በረዶ ሠርቶ፣
ከኮቱ ጠርዝ ያቺን ክብ አንጸባራቂ አንጠልጥሎ፣
እኛ ዘንድ ሕፃንም ሽማግሌም በጨለማ የሚይዛትን፣
የመኪና መብራት ሲነካት "ሰው ነኝ" የምትለውን።

"ምነው ዘገየህ?" አልኩት፣ ቁጣዬ ሳይበርድ።
"መንገዱ መስታወት ነው። አጋዘን ከነግልገሏ መሐሉ ላይ ቆማ ነበር፤
እስክታልፍ ጠበቅኳት።"
ቀበቶ የታሰረበትን ትከሻውን አሸት አሸት አደረገና፣
"እናንተ ለእኔ ነፍስ ብላችሁ ይህን ሁሉ ብረት ካቆማችሁ፣
እኔ እሱን ልከፍት ስሮጥ ልሙት እንዴ?"

ቁልፏን ከአንገቱ አወጣ። ቀጭ።

ኦይቫ ባትሪውን ይዞ ማሽኑን ዞረው፣ ከዳር እስከ ዳር፣
የስምንቱንም ስም እየጠራ፣ የስምንቱንም "አቤት" ሲቆጥር።
ከዚያ ጡሩምባው ሦስቴ ጮኸ።
ከዚያ ሲሊንደሮቹ ተነሱ።

በዚያ ሌሊት ምንም አልሆነም።
ጋዜጣው፣ በእኛው ወረቀት የሚታተመው፣
ስለ ምንም አንድ መስመር አልጻፈም።
"ሳይቃጠል በቅጠል" ይባላል፤
ቅጠሉን የምንሠራው እኛ ነን።
ፈረቃዬ ሊያልቅ ሲል ከማሽኑ ጫፍ ሲፈስ አየሁት፣
ሰፊ፣ ነጭ፣ ገና ትኩስ፣
የማንም ስም ያልሰፈረበት።