ሠላሳ ስምንት ደረጃ

እግር ጥሎኝ አይደለም ስካረንዳይከ የሄድኩት፤
ሥራ ነው የጠራኝ፣ ብየዳ ነው የያዝኩት።
ዜላንድ ይሉታል አገሩን፣ ከባሕር በታች የተኛ፣
ከውሃ ጋራ ባላንጣ፣ ከውሃ ጋራ ጓደኛ።

በግድቡ ሆድ ላይ ደረጃ አለ፣ አረንጓዴ ሽበት ያወጣ፣
ጠላቂው ሁሉ በእሱ ወርዶ፣ እየተንጠባጠበ የሚወጣ።
"ሠላሳ ስምንት ነው" አለች ዊትስከ፣ ጎማ ካለው ወንበሯ ላይ፣
"አንዱንም ሳልረግጥ ቆጥሬያለሁ፣ ስድስት ዓመት ከዚህ ሳይ።"

ዛጎል በሚለቅም ጀልባ ላይ፣ የብረት ገመድ ሲበጠስ፣
ወገቧን መታት። በቃ። አትወድም፣ ያን ቀን ሰው ሲቀሰቅስ።
ባሕሩን ግን አልተቀየመችም።
ክረምቱን ገንዳ ውስጥ ተማረች፣ ዓይን በሚለበልብ ክሎሪን ላይ፤
ፈተናውን አለፈች። የቀራት፣ ሠላሳ ስምንት ድንጋይ።

የግድቡ መሥሪያ ቤት በደብዳቤ፣ እጅግ በጣም በትሕትና፣
"ጥያቄዎ ደርሶናል፤ ይጠናል" አለ። እነሆ ይጠናል ገና።
"ግድብ አይበሳም" ይላል ደግሞ። እውነት ነው፣ ግድብ አይበሳም፤
ብረት ግን በሞርሳም ይቆማል፤ ይህን እጄ አይረሳም።
ሁለት ሐዲድ፣ አንድ ጋሪ፣ የአሮጌ ጀልባ መዘውር፣
ከብስክሌት የተነቀለ ፍሬን (ሆላንድ ነው፣ ብስክሌት መች ይቸግር)።

በሦስተኛው ቀን፣ የሐዲዱን የመጨረሻ እግር ስበይድ፣
መዶሻዬ አመለጠኝ፤ ጥልቅ አለ፣ ወደ ጥልቁ ሲሄድ።
አሥራ አንድ ዓመት የያዝኩት፣ እጀታው በላቤ የጠቆረ፣
ከእኔ ይልቅ እጄን የሚያውቅ። ውሃው ገጠመ፤ እዚያው ቀረ።
ቆሜ አየሁ፤ ሁለት ጤነኛ እግር ይዤ፣ ዋና የማልችል፣
ከመጨረሻው ደረጃ አልፌ፣ አንዲት ስንዝር የማልዘል።

ቅዳሜ ነፋሱ ደከመ።
ያኔከና ቶኒስ አለበሷት፤ ያ የላስቲክ ልብስ ያስለቅሳል፤
ዊትስከ ትሳደባለች፣ ቶኒስ በሳቅ መሐል ይስላል።
ቁርጭምጭሚቷ ላይ እርሳስ አሰሩ። "ለምን?" አልኩ።
"ምድር ላይ ግንድ ነው እግሬ፣ ሁለት ሰው የሚያነሳው፤
ውሃ ውስጥ ግን ፊኛ ይሆናል፣ ሽቅብ ሸሽቶ እኔን የሚረሳው።"
በኛ አገር የሚሸሽ ሰው "እግሬ አውጪኝ" ይላል፣ ብዬ ተረጎምኩ፤
"የኔስ እውነትም ያወጣኛል!" አለች። እኔ ነኝ የደነገጥኩ።

ጋሪው ወረደ። ፍሬኑ አንዴ ጮኸ።
ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤ ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ ሰባት፣
በመጨረሻው ዝም አለች፤ ውሃው አገጯ ድረስ መጣላት።
የዳክዬ እግር የመሰለ ጓንት፣ ጣት ከጣት ያያያዘ፣
ሁለቴ ቀዘፈች፤ ጠፋች። ቀለበቱ ብቻ ሰፍቶ ተጓዘ።

ከላይ የሚታየው አረፋ ነው፤ ሦስት ቦታ፣ ሦስት ትንፋሽ፤
የሷን ለየሁት፤ ዝግ ያለ፣ የማይቸኩል፣ የማይሸሽ።
አንድ ሽማግሌ ውሻውን ይዞ መጣ፤ ሐዲዱን አየ።
"ማን ፈቀደው?" አለኝ። "ማንም" አልኩት። ሄደ። ውሻው ግን ቆየ።

ስትወጣ ከንፈሯ ሰማያዊ ነው፤ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል።
መጀመሪያ እግሯን ፈተሹ፤ ቢቆረጥ አይነግራትምና፤
ዛጎል ተረከዟን ጭሯት ነበር። አሰሩት። ደህና ነው፣ ደህና።
ከዚያ ከቀበቶዋ መዘዘች፣ ደለል የጠጣ መዶሻ፣
እጀታው ላይ ቀንድ አውጣ ሰፍራለች፣ ቤት አጥታ ይሆናል ማምሻ።
በደች አንድ ነገር አለችኝ፤ እኔ በራሴ ተረጎምኩት፤
"እግር ጥሎኝ ነው" አለች፣ "እግር ጥሎኝ ነው ያገኘሁት።"

ማታ ሞርሳውን ፈታሁ፤ የጠበቀውን በመዶሻው መታ መታ።
ግድቡ ላይ ጭረት የለም።
ቀንድ አውጣዋን ታችኛው ደረጃ ላይ አስቀመጥኳት።
ለቅዳሜ ፍሬኑን ዘይት መቀባት አለብኝ።