ቀን፣ ወር፣ ዓመት

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ከትርጉም ቤቴ በር
እመት ዚነት ቆሙ፣ ከባቲ አቧራ ጋር።
«ኑርዬ ደወለ፤ የእንግሊዝ ዜጋ ሊያረጉት ነው፣
የልደት ወረቀት ላኪ አለኝ፤ በነሱ ቋንቋ ጻፈው።»

አምስት ዓመት ኖሯል፣ የወጣ የገባበት ቀን ተቆጥሮ።
ፈተናውን አልፏል፣ የሟች ንጉሣቸውን ስድስት ሚስቶች አንበልብሎ፤
ጎረቤቱ ፈርሟል፣ «ሦስት ዓመት አውቀዋለሁ፣ ደኅና ሰው ነው» ብሎ።
የቀረው እዚህ ነው፤
ሦስት ትንንሽ ሳጥን።

«መቼ ወለዱት?» አልኩ፣ እርሳሴን እየቀረጽኩ።
«ሰኞ ነው፣ ገበያ። ግመሎቹ ከአፋር ሲደርሱ ያዘኝ፤
እትብቱን የቆረጠችው አንዲት ጨው ነጋዴ ናት።»
«ወሩስ?»
«ማሽላው ሲያሸት።»
«ዓመቱ?»
«ያንኑ ማሽላ አንበጣ የጨረሰበት።»

ሳጥኑ ጠበበኝ፤ ግመል አይገባበት፣ አንበጣ አይገባበት።
አሮጌ ቀን መቁጠሪያ አገላብጬ፣ ሰባት ስምንት ዓመት ጨምሬበት፣
አንዱን ሰኞ ያዝኩና አነበብኩላቸው።
ዝም አሉ። ነጠላቸውን ሳቡ።
«እሱም ይሁን። ግን ጧት ነበር፤ ጧት መሆኑን ጻፍ።»

ማኅተሜን መታሁ። ለጧት ሳጥን የለም።
በጀርባው፣ በእርሳስ፣ በኛው ፊደል
«ጧት» ብዬ ጫርኩ፤
እሳቸው ሃምሳ ብር ሊያስቀንሱኝ ሲከራከሩ።