የምን አጠፋሁ ስንቅ

ሰኞ ገበያ ጥግ፣ ልብስ ሰፊው አሊጋዝ
«ይኼ ለበቅሎ ነው?» አለኝ፣ ሸራውን ሲይዝ።
«ለውሻ» አልኩት። መቀሱን አስቀመጠ፤
ዞሮ ለጎረቤቱ፣ ለቆብ ሻጩ አላገጠ፦
«ስሙማ፣ ከዛሬ ወዲያ ውሻም ጭነት አማረው!»
«ውሻ ምን አገባት ከእርሻ» አለች ቀሚስ የምታሳጥረው።

እርሻ አይደለም፣ መንገድ ነው፤ ከደሴ እስከ ደላንታ፣
በእግር፣ በኩታበር አድርጎ፣ አራት ቀን፣ ሦስት ማታ።
የራሱን ስንቅ ይሸከማል፤ እኔም የኔን አዝላለሁ።
ስሙን ጠየቀኝ አሊጋዝ። አልኩት፦ «ምን አጠፋሁ»።
«ኧረ ምንም አላጠፋሽ! የውሻውን ነው ያልኩሽ!»

አባቴ ነው ያወጣለት፤ ከጋሽ ይመር ጋር ሲጣላ፣
ስለ አንድ ክንድ ከስንዝር፣ ስለ ባሕር ዛፍ ጥላ።
ፊት ለፊት አይነጋገሩም። ሲመሽ ደጃፉ ላይ ቆሞ
ቡችላውን ይጠራል፣ ድምፁን ወደ አጥሩ አስረዝሞ፦
«ምን አጠፋሁ! ና! ምን አጠፋሁ!»
ጋሽ ይመርም አልሰነፈ፤ ሳምንት ሳይሞላ ቡችላ አመጣ፤
ከአጥር ወዲያ መልሱ በየምሽቱ መጣ፦
«ልብህ ያውቃል! ነይ! ልብህ ያውቃል!»

ውሾቹ ግን በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከው
አንድ አጥንት ይግጡ ነበር።
ስለ ክርክሩ የነገራቸው የለም።

ልብህ ያውቃል ቀድማ ሞተች። አባቴ በጥቅምት።

ጠዋት ጠዋት ጦሳ እንወጣለን፤ መጀመሪያ ባዶ ሸራ፣
ቀጥሎ ግማሽ ኪሎ ገብስ፣ በቀኝም እንደዚያው በግራ።
በሦስተኛው ቀን ተኛብኝ፣ አፋፉ ላይ፣ ጭጋግ ውስጥ፤
አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ፀጥ።

የእንስሳት ሐኪሟ ወለላ
መርፌውን ወጋችውና፣ ጣቷን ወደ ላይ ሰቅላ፦
«ወር ሳይሞላው እንዳትሄዱ። ደላንታ ደጋው ላይ
ቀይ ቀበሮ አለ፣ ጥቂት የቀረ፤ ገመዱን አትፍቺ እዚያ ላይ።
የውሻ በሽታ ነው የሚጨርሰው።»
ጅብና ነብር ስፈራለት ከርሜ፣
ለካ እሱንም የሚፈራው አለ።

ኩታበር ደወልኩ፣ ለእንድሪስ፣ ለአባቴ የድሮ ወዳጅ።
«ቤቱ ያንቺ ነው» አለኝ፤ «ለሱ ጭድ አነጥፋለሁ ከደጅ።
የራሱን ጣሳ ይዞ ይምጣ፤ ዕቃችንን አይላስ፣ ሶላት አለብን።
ከዚያ በቀር እንግዳ ነው፤ እንግዳ ማስራብ አያምርብን።»
ስለዚህ ጣሳ ገዛሁ፤ ሰማያዊ፣ ጠርዙ የተላጠ።

ለመዳፉ ሞራ። እኔ እቀባለሁ፣ እሱ ይልሳል።
ለእሾህ ወረንጦ፤ ለፋሻ የአባቴ አንሶላ፣
በጥርሴ የቀደድኩት።

የሚያስጨንቀኝ ስሙ ነው። በሽሎን ቁልቁል ስንወርድ፣
ሰው በማያውቀን አገር፣ ገደል ለገደል ስንሄድ፣
«ምን አጠፋሁ!» ብዬ ስጣራ፣
ማሳው ላይ ያጎነበሰ ሰው ቀና ብሎ
«እኔ እንጃ፣ እህቴ» ቢለኝስ?
ሌላ ስም ሞከርኩ፤ «ጓዴ»፣ «ቡሬ»።
ጆሮውን እንኳ አላነሳም።

ትናንት ማታ በር ተንኳኳ። ጋሽ ይመር፣ ከነከዘራው።
ግባ ብለው እምቢ አለ። ከካፖርቱ ኪስ አወጣው፦
ቃጭል፤ የልብህ ያውቃል።
«ደላንታ ጭጋግ ሲይዛችሁ ይጠቅምሻል።»
ዓይኔን ሳይሆን አጥሩን እያየ፣
«አባትሽ ስንቅ ሲያስር ሁልጊዜ ግራው ይከብድበት ነበር» አለ።
«ከዚያ ስንመጣ፣ በልጅነት፣
እኔ ነበርኩ እየፈታሁ የማስርለት።»

አሥራ አንድ ሰዓት። ጨለማው ገና አልለቀቀም።
ቃጭሉን አንገቱ ላይ፣ ሸራውን ወገቡ ላይ፤
በቀኝ ፋሻውና በሶው፣ በግራ ገብሱና ጣሳው።
«ምን አጠፋሁ፣ ና» አልኩ፣ ቀስ ብዬ።
አምስት እርምጃ ሄደና ወደ ግራ አዘመመ።
ተንበርክኬ ፈታሁት።
ከአጥር ማዶ አንድ ሰው ሳለ።