ዳማ እንዴት ነው?

ግድግዳችን ላይ በቀይ ቀለም የመፍረሻ ቁጥር ተጽፎ፣
ዕቃ ስናወጣ ስናወርድ፣ የጭቃው ትቢያ ፊታችን ላይ አርፎ፣
ከአባቴ አልጋ ሥር ወጣ፣ የዛገ የብስኩት ጣሳ፣
በሽቦ የተጠፈረ፣ ሳንወለድ የተቀመጠ፣ ስንወለድ የተረሳ።

ወንድሜ «ወርቅ ነው» አለኝ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ፣ በሹክሹክታ።
አልነበረም። አሥራ ሰባት ደብዳቤ፤ ቴምብሩ ላይ ማኅተም የተመታ፣
«ላኪ፦ ሁንዴ በዳሶ፣ አሰላ፣ ስድስተኛ ለ»፤
ተቀባዩ አባታችን፤ ቁምጣ ለባሽ፣ ገና ጢም ያላበቀለ።

«ውድ የብዕር ጓደኛዬ ጥበቡ፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል?
እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ። እዚህ ገብሱ ታጭዷል።
ፈረስህ ዳማ እንዴት ነው? ኮቴው ዳነ ወይስ ያነክሳል?
ጨው አልሰው። ፒያሳ ስትጋልበው ያን ሁሉ መኪና እንዴት ይታገሳል?»

ፈረስ!
አንድ ክፍል፣ ጓሮ የሌለው ቤት፣ ሰባት ሰው ተደራርቦ የሚጋደም፣
እንኳን ፈረስ፣ ድመት ያሳደገ በዘራችን የለም።

ባንክ ቤት ሠላሳ ዓመት ደምሮ አምስት ሳንቲም ያልጎደለበት፣
«አልሰረቅኩም» ብዬ በዋሸሁ ቀን፣ ቀበቶው ወገቤ ላይ ያለቀበት፣
ያ ሰው ነው የዋሸው። ፈረስ ወልዶ፣ ስም አውጥቶ፣ ገብስ አብልቶ።
የእሱን ቃል አላገኘሁም፤ ከሁንዴ መልስ ነው የሰማሁት፣
እንደ ጎረቤት ጠብ በግድግዳ፣ ግማሹ ጠፍቶ።

ከዚያ ትዝ አለኝ። ጥቁር አንበሳ፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ የመጨረሻው ማታ፤
«ዝናቡ መጣ፤ ዳማን አስገቡት» አለን፣ ከትኩሳቱ መሀል ቀና ብሎ፣ ለአንድ አፍታ።
ወንድሜ በታክሲ በረረ። የዳማ ሰሌዳውን ከነቆርኪው አመጣለት፣
በሰልፍ በሰልፍ፣ አንድ በአንድ፣ አንሶላው ላይ ደረደርንለት።
አየው።
ቀጥሎ እኛን።

የመጨረሻው ደብዳቤ አጭር ነው።
«ለፋሲካ እረፍት ከአጎቴ ጋር አዲስ አበባ እመጣለሁ።
ቅዳሜ በስድስት ሰዓት፣ ዋናው ፖስታ ቤት በር ላይ እጠብቅሃለሁ።
ፈረስ እንደሌለህ ካወቅኩ ቆየሁ፤ ዳማ ነጭ አይሆንም፣ አንተ ነጭ ነው ብለኸኛል።
ግድ የለም፤ በእግርህ ና። ያንተ መምጣት ይበቃኛል።»

አሥራ ስምንተኛ ደብዳቤ የለም።
ደጅ አይሱዙው ጡሩምባ ይነፋል።
ወንድሜ «እንጣለው?» ይላል፣ ጣሳውን ይዞ፣
ባዶ መስሎት።