የቅዳሜ መዝገብ

ቲሸርት የታደለ ዕለት ስልሳ ሦስት ነበርን፤
አዌቱ ድልድይ ላይ
ለፎቶ ተጋፍተን «አንለያይም» አልን።
ሦስተኛው ቅዳሜ ዝናብ ጣለ፤ አሥራ ዘጠኝ ቀረን።
በሰባተኛው ላይ እኔና ረውዳ፣
አንድ ማዳበሪያ፣ አንድ የዛገ ዶማ፣ ጭቃ የሆነ ሜዳ።

እኔ ጸሐፊው ነኝ፤ መዝገቡን ገልጬ
የቀረውን ስም ሁሉ
በቀይ እስክሪብቶ አናቱን ፈልጬ
«መቀጮ ይጣል» አልሁ፤ «ደንቡ ይጥበቅ» አልሁ።
ረውዳ ዝም አለች።
ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች፤ ተከተልኋት።

ከቆጪ መንደራ፣ በጭቃ በባጃጅ፣
በየበሩ ዞረች፤
መዝገብ አልነበረም በዚያች ልጅ እጅ።
«ነዚፍ፣ እናትህን ተሻላቸው?» አለች፤
«ትርፌ፣ ፈተናውስ?» አለች፤
«ለምን ቀራችሁ?» ግን አንዴም አልጠየቀች።

ሚፍታህ ደጃፍ ስንደርስ ጓንቱን አወጣችለት።
ግራ እጁ አራት ጣት ነው፤
የጓንቱን አምስተኛ ጣት
በጥቁር ክር ሰፍታ ዘግታዋለችለት።
አገላብጦ አየው።
ቦቲውን ሊፈልግ ወደ ጓዳ ገባ።

አሁን አሥራ አንድ ነን። ስልሳ ሦስት አይደለም።
ወንዙም ገና ጥቁር ነው፤ ፕላስቲኩም አላለቀም።
እኔ ግን
(ለረውዳ እንዳትነግሩ)
ባለፈው ቅዳሜ ሳልታመም ቀረሁ፤
በሬን ገርበብ አርጌ
ኮቴ ሳዳምጥ ዋልሁ።