እጅ ያልደረሰ ሙቀት

ከአራዳ ደረጃ ከታች ባለች ሱቄ፣
መነጽሬን ስወለውል በአሮጌ ጨርቄ፣
ገባ ባየልኝ፣ የግንቡ ሥር ዘበኛ፣
ካፖርቱን እንደደረበ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ።

"ይቺን እያት" አለኝ፣ "አውራ ጣት የማትሞላ፣
ስትበራ ፀሐይ ናት፤ ጉዱ ያለው ከኋላ።
የፋሲልን ግንብ እስከ ጉልላቱ ታጥባለች፣
የተኛች እርግብ ሳትቀር ከነጎጆዋ ታባንናለች፤
አንድ ደቂቃ ሳይሞላ፣ እንደ ፈራ ምስክር፣
ቃሏን ታጥፋለች፤ ይቀራል የሻማ ክር።
ነቅለህ ጣልልኝ ይሄን የሚያስፈራትን ነገር፤
የከፈልኩት ለፀሐይ ነው፣ ለጨረቃ መች ነበር!"

ጥርሷን አላቅቄ አንገቷን ጠመዘዝኩ፣
በአጉሊ መነጽር ሆዷን ተመለከትኩ።
እዚያ፣ ከአምፖሉ ጎን፣ ከሁለት ጤፍ የማትበልጥ፣
አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች፣ ሥራዋ ሙቀት ማዳመጥ።
ሲግል ትሰማለች፤ "ቀንስ" ትላለች፤ ይቀንሳል።
እሷ ባትኖር፣ አምፖሉ በገዛ ብርሃኑ ይከስላል።

"እሷን አልነቅልም" አልኩት።
"ለምን?"
ዝም አልኩ።

ምክንያቱ ጋሽ አዛናው ነው። እሱ ነው አስተማሪዬ፤
ይህ ወንበር የሱ ነበር፣ ይህ ካውያ፣ ይህ መነጽሬ።
መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ ሁሉ "አዛናው የት አለ?" ሲል፣
የሁሉን ይጠግን ነበር፣ አንድ ቀን "ደከመኝ" ሳይል።
ፊቱ ፏ ያለ ነው። ይስቃል። ተረብ ያውቃል፣ ይጥላል።
እጁን ስትጨብጠው ግን የቀሃ ውሃ ይመስላል፤
ቀዝቃዛ።

"ልጄ" ይለኝ ነበር፣
"ፏ ብላ እየበራች እጅህን ካላሞቀች፣
ደህና ናት እንዳትለኝ፤ ከውስጥ ተያይዛለች።
ጥሩ ባትሪ ያዥዋን ትለበልባለች፤ እሱ ነው ጤንነቷ፤
የታመመችቱ ቀዝቅዛ ታበራለች፣ እስከ ዕለተ ሞቷ።"

ይህን ያለኝ እሱ ነው፣ በዚያው በቀዝቃዛ እጁ ትከሻዬን ይዞ።

"እንዴት ያለ ሰው ነው! አይግል፣ አይቆጣ" ስንል ከርመን፣
ነዶ አለቀ ከውስጥ፣ ጭሱ እንኳ ሳይሸተን።
በነሐሴ አንድ ማለዳ ሱቁን ገፋ አድርጌ ገባሁ፤
ካውያው እንደጋለ ነው፤
እጁን እንደበረደ አገኘሁ።

ይህን ለባየልኝ ምን ብዬ ልንገረው?
ሌላ መላ ፈለግኩለት።
ከተበሳ የመዳብ ድስት ሳንቲም የምታህል ቆረጥኩለት፤
በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኳት ፊቴን እስክታሳየኝ ድረስ፣
ነጭ ቅባት ለቀለቅኩባት፣ ላብ የሚያህል፣ ስስ።
ከአምፖሉ ሥር አነጠፍኳት፣ ከገላዋ አገናኘሁ፤
ለሙቀቱ መንገድ ሆነች። ያቺን ጥቁር ነጥብ አልነካሁ።

አበራት። አብረን ቆጠርን። ስልሳ... መቶ... መቶ ሃምሳ...
"ኧረ አቃጠለችኝ!" አለ፣ ካንዱ እጅ ወዳንዱ ሲያነሳ።
"እሰየው!" አልኩት። ያበድኩ መሰለው።
ሁለት መቶ ላይ ስንደርስ ቀነሰች፣ ግን ትንሽ ብቻ።
እሱም ከሂሳቤ ላይ ሃያ ብር ቀንሶ ሄደ።

ያን ሌሊት ከተማው ጨለመ። ዝናብ አባርቶ ነበር፣
በረንዳዬ ላይ ሆኜ ቁልቁል ሳይ ወደ ግንቡ አጥር፣
አንዲት ብርሃን ትሄዳለች፣ መካከለኛ፣ ዝቅ ብላ፤
ጉልላቱን ማጠብ ትታ፣
ፊት ለፊቷ ያለውን ኩሬና ድንጋይ እየለየች።
ከአንድ ጥግ ስትደርስ ቆመች።
ባየልኝ በሁለት መዳፉ አፈናት፤ በርዶታል መሰለኝ፤
ጣቶቹ ቀልተው ከሩቅ እንደ ፍም ታዩኝ።

እኔም በጨለማው ውስጥ
በአንዱ እጄ ሌላውን ነካሁት።
ሞቋል ወይስ ቀዝቅዟል?
ሁለቱም የኔ ናቸውና
መለየት አልቻልኩም።